ደመወዝም ቀን ያለው ዕዳ ነው

በነጋዴ ዘንድ ከገንዘብ በላይ የሚከበር ነገር ቢኖር ቃል ነው። ጅምላ ሻጭ ለቸርቻሪው ዕቃውን በዱቤ የሚሰጠው ከያዘው ወረቀት ይልቅ የሰውየውን ስም አይቶ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ የጻፈ ሰው ወሬው በማግስቱ ከቦምብ ተራ እስከ ሸራ ተራ ይሰማል፤ ዕቁቡን በቀኑ ያልጣለም ሰው በሚቀጥለው ዙር የሚያምነው አያገኝም። ይህ ሁሉ አባቶቻችን በብዙ ድካም ያቆዩልን የሚያስመሰግን ልማድ መሆኑን የሚክድ የለም። የሚያሳዝነው ግን፣ ለነጋዴ ወዳጁ ቀን የማያሳልፈው ይኸው ሰው ወደ ገዛ ንግድ ቤቱ ሲመለስ፣ ለሠራተኛው የሚከፍለውን ደመወዝ እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ ችሮታ ሲቆጥረው አንዳንድ ጊዜ መታየቱ ነው።

ይህን የምጽፈው በአስመጪና በላኪ ነጋዴዎች ቢሮ ሃያ ዓመት ያህል በጸሓፊነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። የቅጥሩ ደብዳቤ፣ የማስጠንቀቂያው፣ የፈቃድ መጠየቂያው፣ የስንብቱና የምስክር ወረቀቱ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ደንበኛ የሚያየው የሱቁን መስተዋት ነው፤ በጸሓፊ ጠረጴዛ ላይ የሚታየው ግን የቤቱ ውስጣዊ ጠባይ ነው። ስለ መልካምና ስለ ክፉ አሠሪ የማቀርበው አስተያየትም ከዚሁ ጠረጴዛ የተገኘ ነው። የቢሮን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለብኝ የማንንም ስም አላነሣም፤ ጉዳዩም ቢሆን ከስም ይልቅ ከልማድ ጋር የተያያዘ ነው።

በሀገራችን «እገሌ እንዴት ያለ አሠሪ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደግነቱ ነው። «በዓል ሲደርስ በግ ይገዛልናል፤ ሐዘን ሲያጋጥመን ከድንኳኑ አይጠፋም፤ ሰው ሲታመምብን መኪናውን ይሰጠናል» ይባላል። ይህ ያማረ ነገር ነው፤ እንዲቀርም የሚመኝ ሰው አይኖርም። ሆኖም ደግነት በሰጪው ፈቃድ ላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ ዛሬ ቢሰጥ ይመሰገናል፤ ነገ ቢከለክል ማንም አይጠይቀውም። ደመወዝ፣ ዕረፍት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያና የጡረታ መዋጮ ግን በፈቃድ የሚሰጡ አይደሉም። እነዚህ ሠራተኛው አስቀድሞ በጉልበቱና በጊዜው የከፈለባቸው፣ ከአሠሪው ዘንድ የሚጠብቁት ገንዘቡ ናቸው። ስለዚህ የመልካም አሠሪ መለኪያ የሚሰጠው ስጦታ ሳይሆን ያለበትን የሚከፍልበት አኳኋን ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን በይበልጥ ለማስረዳት ሁለት ነጋዴዎችን ላወዳድር። አንደኛው ተጫዋች፣ ሳቂታና እጀ ሰፊ ነበር፤ ለፋሲካ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በግ ይገዛ ነበር። የመጋቢት ወር ደመወዝ ግን ሚያዝያ 20 ቀን የሚከፈልበት ጊዜ ነበር። በዚህ መካከል ሠራተኞቹ የቤት ኪራይ የከፈሉት ከጎረቤት ሱቅ እየተበደሩ ሲሆን፣ በጉንም ወደ ቤታቸው ሳያደርሱት ለዕዳቸው የሸጡት ነበሩ። ሁለተኛው ፊቱ የማይፈታ፣ ሰዓት የሚቆጥር፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን ወሩ በ30 ቀን ሲሞላ ከቀትር በኋላ የሁሉም ደመወዝ በየባንክ ሒሳባቸው ገብቶ ይገኛል፤ ቅዳሜ ማታ ዕቃ ለማራገፍ የቆየ ሰው የትርፍ ሰዓቱ በመዝገብ ይጻፍለታል፤ የዓመት ዕረፍቱንም ለማግኘት ደጅ አይጠናም። የመጀመሪያው ነጋዴ ቤት በየዓመቱ አዲስ ገንዘብ ያዥ ይቀጠር ነበር። በሁለተኛው ቤት ግን የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ዐሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ሌላ ነጋዴ የተሻለ ደመወዝ ቢያቀርብለትም «የማውቀውን ቀን ትቼ ወደማላውቀው ቀን አልሄድም» ብሎ መልሶለታል።

በዚህ ጉዳይ የሕግ ችግር የለብንም። በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት አዋጅ ከወጣ ጀምሮ በ1968፣ በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. ሕጎች እየተተካኩ ወጥተዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። በአንድ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ይሰጣል፤ በየሁለት ዓመቱም አንድ ቀን ይጨመርበታል። ለትርፍ ሰዓት በቀኑ ክፍል አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲከፈል ያዛል። ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነም፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። እነዚህን ድንጋጌዎች ሠራተኛው አያውቃቸውም ብሎ የሚዘናጋ ነጋዴ ካለ ዘመኑን አልተመለከተም፤ ዛሬ አዋጁ በተላላኪው ልጅ ስልክ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል።

ከሁሉ የሚከፋው የጡረታው ነገር ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ተጀምሮ፣ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተሻሽሎ ወጥቷል። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 ከመቶ ይቀነሳል፤ አሠሪው 11 ከመቶ ይጨምራል። አሠሪው የራሱን 11 ሳይጨምር መቅረቱ ጥፋት ነው። ከሠራተኛው የቀነሰውን 7 ከመቶ ሳያስገባ ለራሱ ጉዳይ ማዋሉ ግን ከጥፋትም የከፋ ነው። ገንዘቡ የእርሱ አይደለም፤ በአደራ የተቀመጠ የሰው ንብረት ነው። በሌላ ነጋዴ ስም የመጣን ዕቃ ሸጦ ዝም ማለት በመካከላችን ምን ያህል እንደሚያስነውር እናውቃለን። ይህም ከዚያ የሚለይበት ምክንያት የለም፤ ልዩነቱ ባለ ዕቃው ነጋዴ በማግስቱ ሲጮህ፣ ባለ ጡረታው ግን ሽበት ከወጣበት በኋላ መጮኹ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የክፉ ቤት ምልክት ጥርጣሬ ነው። ብዙ ነጋዴዎች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ንግድ ሕግ ይዘውታል። እኔም መጠንቀቅ አይገባም አልልም፤ ንብረቱን የማይጠብቅ ነጋዴ ለሠራተኛውም ፈተና ነው። ነገር ግን ጥንቃቄና ጥርጣሬ የተለያዩ ናቸው። ጥንቃቄ ማለት ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በሰነድ መሆኑ፣ ገንዘቡ በየምሽቱ መቆጠሩ፣ ቆጠራውም ባለ ኃላፊነቱ ባለበት ተፈጽሞ ሁለቱም መፈረማቸው ነው። ጥርጣሬ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሳይቆጥሩ ቆይቶ፣ በሰኔ 30 የሒሳብ መዝጊያ ላይ የተገኘውን ጉድለት ሁሉ በግምጃ ቤቱ ኃላፊ ላይ መጫን ነው። ያ ጉድለት የተሰረቀ ይሁን፣ በስሕተት በብልጫ የወጣ ይሁን፣ የነጋዴው የወንድም ልጅ «አጎቴ ያውቃል» ብሎ የወሰደው ይሁን፣ ዓመት ካለፈ በኋላ ማንም ሊለየው አይችልም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። በአዋጁ መሠረት ከደመወዝ የሚቀነሰው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ሲሆን፣ እርሱም ቢሆን ከወር ደመወዙ ከሲሶው መብለጥ የለበትም። በወሩ የሚቆጠር ቤት ሌባውን በወሩ ያገኘዋል፤ ንጹሑንም ሰው በወሩ ያሳርፈዋል።

እነዚህ ነገሮች የሱቅና የቢሮ ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ ላኪዎችንም ይነካሉ። ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ትርፉ በባሕር ማዶ ገበያ ብቻ አይወሰንም፤ በማዘጋጃው መጋዘን ጎንበስ ብለው ጥቁሩንና ተባይ የበላውን ፍሬ በሚለቅሙት ሴቶች ዓይንም ይወሰናል። ገዢው የተስማማው በናሙናው ነው፤ የተጫነው ቡና ከናሙናው ያነሰ እንደ ሆነ ክርክር ይነሣል፤ ዋጋ ይቀነሳል፤ የሚቀጥለውም ውል ለሌላ ይሄዳል። እንግዲህ እነዚህ ሴቶች የሚከፈላቸው በኪሎ በሚሆንበት ቤት፣ ሚዛኑ ከዓይናቸው ተሰውሮ ከተቀመጠ፣ የመዘኑት ሁሉ ጎድሎ የሚመዘገብ ይመስላቸዋል። ጎድሏል ብሎ የጠረጠረ ሰው ደግሞ የጎደለበትን በፍጥነት ለመካስ ሲል ሊያስቀረው የሚገባውን ፍሬ ያሳልፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት በዚህ ሥፍራ ተረትነቱ ቀርቶ ኪሳራ ይሆናል። ሚዛኑን በግልጽ ያቆመ፣ የሚጠጣ ውሃና ንጹሕ መጸዳጃ ያዘጋጀ፣ አቧራውን የሚያስወጣ መስኮት የከፈተ ላኪ፣ ይህን ያደረገው ለነፍሱ ብቻ አይደለም፤ ለናሙናውም ጭምር ነው።

ስለ ዘመድ ልጅም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ከገጠር የመጣ ልጅ በአጎቱ ሱቅ እያደረ፣ እየተላላከ፣ ዕቃና ዋጋ እየለየ ንግድን መማሩ በመርካቶ የቆየ ትምህርት ቤት ነው። ከዛሬዎቹ ትልልቅ ነጋዴዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ አልፈዋል። በመልካሙ ልማድ ልጁ ሲጎለምስ አጎቱ የመጀመሪያውን ዕቃ በዱቤ ሰጥቶ፣ በራሱ ስም ዋስ ሆኖ ሱቅ ያስከፍተዋል። ዛሬ ግን «ሱቅ እከፍትልሃለሁ» የሚለው ቃል ለአንዳንዱ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል። ዐሥር ዓመት ያገለገለ ልጅ ደመወዙ ስንት እንደ ሆነ፣ የተቀመጠለትም ገንዘብ ይኑር አይኑር አያውቅም፤ ቢጠይቅ ውለታ ቢስ ይባላል። ዝምድና ውልን የሚያስቀር አይደለም፤ እንዲያውም ዝምድናው እንዳይበላሽ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ይጽፋል። ወር በገባ ቁጥር ይህን ያህል ብር በልጁ ስም በባንክ ቢገባና ደብተሩ በእጁ ቢሆን፣ አጎት ሲሞት ከወራሾች ጋር የሚነሣው ሙግት ሁሉ በቀረ ነበር።

የአንድ ቤት ጠባይ በይበልጥ የሚገለጸው ሠራተኛ ሲሰናበት ነው። ሲቀጠር ሁሉም ፈገግታ ያሳያል። ሲሰናበት ግን የትምህርት ማስረጃው ዋናው ቅጂ የሚያዝበት፣ ዋሱ በስልክ የሚዛትበት፣ «የሥራ ልምድ ጻፉልኝ» ሲል «ነገ ና» እየተባለ ወር የሚመላለስበት ቤት አለ። ከጠረጴዛዬ ካለፉት ወረቀቶች ሁሉ እንዲዘገዩ በመታዘዛቸው ያሳዘኑኝ እነዚህ የምስክር ወረቀቶች ናቸው። ወረቀቱ ሦስት መስመር ነው፤ የሠራውን ሥራ፣ ያገለገለበትን ዘመንና የደመወዙን ልክ መናገር ብቻ ነው። አዋጁም ይህ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ፣ የሚገባውም ገንዘብ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፈል ያዛል። ሦስቱን መስመር መከልከል ለነጋዴው አንድ ሳንቲም አያተርፍለትም፤ የሰውየውን የአንድ ወር እንጀራ ግን ያስቀራል። ያ ሰው ደግሞ ነገ በሌላ አስመጪ ቤት ተቀጥሮ ከየትኛው ጅምላ ሻጭ ዕቃ እንደሚገዛ ምክር የሚጠየቅ ይሆናል።

በአሠሪዎች በኩል የሚነሣውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ተገቢም ስለ ሆነ መልስ ያስፈልገዋል። «መርከቡ ጅቡቲ ዘገየ፤ ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተቀመጠ፤ በዱቤ የሰጠነው አልተሰበሰበም፤ ከየት አምጥተን እንክፈል?» ይላሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ያንኑ ዕቃ ለማስመጣት የሚያስፈልገው ብር ምን ያህል እንደ ጨመረ ከአስመጪው የተሻለ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በሠራተኛው ኪስ ያለውም ያው ብር ነው። ነጋዴው የምንዛሪውን ለውጥ ሰምቶ በማለዳ ዋጋውን ያስተካክላል፤ ሠራተኛው የጉልበቱን ዋጋ በማለዳ ሊያስተካክል አይችልም። ደግሞም ሒሳቡን እንመልከት። ለምሳሌ ያህል ዐሥር ሠራተኞች ያሉት ነጋዴ ለእያንዳንዳቸው 9,000 ብር የሚከፍል ቢሆንና ደመወዙን 15 ቀን ቢያዘገይ፣ ያለ ወለድና ያለ መያዣ 90,000 ብር ከገዛ ሠራተኞቹ ተበድሯል ማለት ነው። ከተላላኪዬና ከዘበኛዬ ገንዘብ ተበደርሁ ብሎ በአደባባይ ለመናገር የሚደፍር ነጋዴ የለም፤ እንግዲህ በአደባባይ የሚያሳፍረውን በቢሮ ውስጥ ማድረግ አይገባም። የክርስትናውም ሆነ የእስልምናው ትምህርት የቅጥረኛን ዋጋ ማሳደርን በደል አድርጎ የሚቆጥረው ያለ ነገር አይደለም።

በሠራተኛውም በኩል ጥፋት የለም ማለቴ አይደለም። ሳይናገር ሥራውን ጥሎ የሚጠፋ፣ የደንበኞችን ስም ዝርዝር ይዞ ወደ ተፎካካሪ የሚሻገር፣ ማርፈድን እንደ መብት የሚቆጥር አለ። ሕጉ ለአሠሪውም አስቦለታል፤ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል፤ በጽሑፍ እየተነገረውም በ6 ወር ውስጥ ለ8 ጊዜ ያረፈደውን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ይፈቅዳል። ዳሩ ግን በዚህ ሕግ ለመጠቀም የሚችለው መዝገብ የያዘ አሠሪ ብቻ ነው። ውል ያልጻፈ፣ ሰዓት ያልመዘገበ፣ ማስጠንቀቂያ በቃል ብቻ የሰጠ ነጋዴ በሥራ ክርክር ችሎት ፊት ሲቆም፣ እውነቱ ከእርሱ ጋር ቢሆን እንኳ ማስረጃው አብሮት አይቆምም። እንግዲህ መዝገቡ ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን ባለቤቱንም የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

ስለዚህ ለክቡራን የምክር ቤቱ አባሎች የማቀርበው አሳብ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የደመወዙ ቀን በቅጥሩ ደብዳቤ ላይ ይጻፍ። የማይደርስ መሆኑ ከታወቀ፣ ለአበዳሪ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ቀኑ ሳያልፍ ለሠራተኛው ተነግሮ ሌላ ቁርጥ ቀን ይሰጠው። የዕረፍትና የትርፍ ሰዓት መዝገብ ይያዝ፤ ለትንሽ ሱቅ አንድ ደብተር ይበቃል። ዕቃ በየወሩ ኃላፊው ባለበት ይቆጠር። የሚሰናበት ሠራተኛ የምስክር ወረቀቱን ሳይለምን፣ በመጨረሻው የሥራ ቀኑ በእጁ ይቀበል። ይህ ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ ሊፈጸም የሚችለው የበዓሉን በግ ሳያስቀሩ ነው፤ እንዲያውም በጉ የሚጣፍጠው ያን ጊዜ ነው።

የአዲስ አበባ የንግድ ምክር ቤት በ1939 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ነጋዴውን በመንግሥትም በውጭ ሀገር ገበያም ፊት ስሙ እንዲከበር ሲደክም የቆየ ማኅበር ነው። ይህ ሳምንታዊ ጋዜጣም የዕቃ ዋጋንና አዲስ የወጡ መመሪያዎችን እንደሚያትም ሁሉ፣ ጸሓፊና ጠበቃ ለመቅጠር ዐቅም የሌላቸው ባለሱቆች ሊገለብጡት የሚችሉት አንድ ቀላል የቅጥር ደብዳቤና አንድ የምስክር ወረቀት አብነት በገጹ ላይ ቢያትም፣ ብዙ ሙግት ከሥሩ ይቀር ነበር። እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ ነጋዴ ይህን ቁጥር አንብቦ ሲጨርስ፣ በተከፋዮች መዝገቡ ላይ ከጅምላ ሻጩና ከባንኩ ስም ቀጥሎ የሠራተኞቹን ስምና ቀኑን ያስገባ ዘንድ በትሕትና አሳስባለሁ።